ከባሕር ማዶ የመጣ ሻጭ ራሱን ሲያስተዋውቅ ገበሬው መሬቱን ያስተዋውቅ

ለመስኖ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ከሩቅ አገር ስለሚመጡ እንግዶች ነው። አንድ የባሕር ማዶ ፋብሪካ በአገራችን አዲስ የሽያጭ ቢሮ ይከፍታል። የቢሮው ሠራተኞች ወደ ወረዳችሁ ይመጣሉ። በገበያ ቀን ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ ይቆሙና «እኛ የእንዲህ ያለው ፋብሪካ ሰዎች ነን፤ ስማችን እገሌና እገሌ ነው፤ የውኃ ፓምፕ እንሸጣለን» ይሏችኋል። በእጃቸው የሚያምር ሥዕል ያለበት ወረቀት ይዘዋል። እናንተስ ምን ትሏቸዋላችሁ?

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። እንግዳ በመሆናቸው በክብር ይስተናገዳሉ፤ ንግግራቸው በጭብጨባ ይፈጸማል፤ ወረቀቱ ይታደላል፤ ከዚያም አንዱ ዋጋውን ይጠይቅና ነገሩ ያልቃል። ይህ ለእንግዳ ይበቃ ይሆናል፤ ገንዘቡን ለሚያወጣ ገበሬ ግን አይበቃም። ፓምፕ የሚገዛ ሰው የዓመት ትርፉን፣ አንዳንድ ጊዜም የተበደረውን ገንዘብ በአንድ ቀን ያወጣል። ፓምፑ በየካቲት ወር ሽንኩርቱ ውኃ በሚሻበት ሳምንት የቆመ እንደ ሆነ፣ የሚጠፋው የፓምፑ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማሳው፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የብድሩም መክፈያ ነው። ስለዚህ ይህን ንግግር በጥሞና እንድትከታተሉት እለምናችኋለሁ።

የውጭ አገር ነገር ስናነሣ ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን ግን ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል።

የሽያጭ ቢሮ ምንድን ነው?

ቀድሞ የባሕር ማዶ ፋብሪካ ዕቃውን ለኢትዮጵያ ገበሬ የሚያደርሰው በአብዛኛው በአገር ውስጥ አስመጪ ወይም ወኪል አማካይነት ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ የውጭ ባለሀብቶች በአስመጪነት፣ በጅምላና በችርቻሮ ንግድ በተወሰኑ ግዴታዎች እንዲሰማሩ ተፈቀደ። ስለዚህ ከእንግዲህ ፋብሪካው ራሱ የላካቸው ሰዎች ከደጃችሁ ቢደርሱ አያስደንቅም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ አድርጉ። የሽያጭ ቢሮ ፋብሪካ አይደለም። ፋብሪካው ከባሕር ማዶ ነው፤ ብረቱ የሚቀልጠው፣ ሞተሩ የሚገጠመው እዚያ ነው። እዚህ ያለው ቢሮ ለፋብሪካው እንደ አፍና እንደ ጆሮ ነው። አፉ ስለ ዕቃው ለእናንተ ይናገራል፤ ጆሮው ደግሞ የእናንተን መሬት፣ የእናንተን ውኃ፣ የእናንተን ችግር ሰምቶ ወደ ፋብሪካው ያደርሳል። አፍ ብቻ ያለው ቢሮ ከሸጠ በኋላ አይገኝም። ጆሮ ያለው ቢሮ ግን ዕቃው ሲሰበር ይታወቃል። ይህ እንዴት እንደ ሆነ በእውነት የተፈጸመ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

በሎስ አንጀለስ የተከፈተ አንድ ቢሮ

ሆንዳ የሚባለውን የጃፓን ፋብሪካ ብዙዎቻችሁ በሞተር ብስክሌቱና በውኃ ፓምፑ ታውቁታላችሁ። መሥራቹ ሶይቺሮ ሆንዳ በ1946 ከጦርነቱ የተረፉ ትናንሽ ሞተሮችን በብስክሌት ላይ እየገጠመ መሸጥ ጀመረ፤ በ1948 ኩባንያው ተቋቋመ። በ1959 በሰኔ ወር ኩባንያው በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የራሱን የሽያጭ ቢሮ ከፈተ። ቢሮውን እንዲመራ የተላከው ሰው ኪሃቺሮ ካዋሺማ ይባላል።

በዚያ ዘመን ጃፓን የውጭ ምንዛሪ ስለሚያጥራት የገንዘብ ሚኒስቴሩ እንዲወጣ የፈቀደው 250,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ጥሬ ገንዘቡ 110,000 ዶላር ሆኖ የቀረው በሞተር ብስክሌትና በመለዋወጫ ዕቃ የሚታሰብ ነበር። ሰዎቹም ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሳቸው እንደ ተናገሩት፣ በወር 80 ዶላር የሚከራይ ቤት ተከራይተው ሁለቱ መሬት ላይ ይተኙ ነበር። በከተማው በተጎሳቆለ ሰፈር መጋዘን ያዙ፤ የሞተሮቹን ሣጥን በእጃቸው ሦስት ሦስት አድርገው ደረደሩ፤ ወለሉን ራሳቸው ጠረጉ፤ የመለዋወጫውንም መደርደሪያ ራሳቸው ሠሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ገንዘብ ያጠረው ቢሮ ከሁሉ አስቀድሞ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ የመለዋወጫ መደርደሪያ ነው። ሸጦ ለመሄድ የመጣ ሰው መደርደሪያ አይሠራም።

ቀጥሎም ችግር መጣ። በ1960 በሚያዝያ ወር ትላልቆቹ ሞተር ብስክሌቶች ዘይት ያፈስሳሉ፣ ፍሪሲዮናቸውም ይበላሻል የሚል ወሬ ከየገዢው ይደርሳቸው ጀመር። ምክንያቱ ምን ነበር? በአሜሪካ አገር መንገዱ ረጅም ነው፤ ሰዉም ከጃፓን ሰው ይልቅ ሩቅ መንገድ በከፍተኛ ፍጥነት ይነዳ ነበር። ሞተሩ በጃፓን መንገድ ተፈትኖ አልፏል፤ በአሜሪካ መንገድ ግን አልተፈተነም ነበር።

የቢሮው ሰዎች «ጥፋቱ የነጂው ነው» ብለው ገዢውን አልመለሱትም። የተበላሹትን ሞተሮች ባላቸው ትንሽ ገንዘብ በአውሮፕላን ወደ ጃፓን ላኩ። የፋብሪካው መሐንዲሶች ሌሊትና ቀን እየሠሩ ጉዳቱ እንደገና እንዲታይ አደረጉ፤ በአንድ ወር ውስጥም የጓርኒሲዮኑንና የፍሪሲዮኑን ሞላ አሠራር ለውጠው ችግሩን አስወገዱት። ቢሮው ከአፍነት ሌላ ጆሮም ስለ ነበረው ስሙ ከመጥፋት ዳነ። ያ ኩባንያ በ1979 በዚያው በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት ሞተር ብስክሌት መሥራት ጀመረ።

ይህን የምነግራችሁ የአንድን ፋብሪካ ዕቃ ለማሞገስ አይደለም። ማንኛውም ፋብሪካ፣ የጃፓንም ይሁን የቻይና፣ የህንድም ይሁን የጣሊያን፣ ዕቃውን የሚሞክረው በራሱ አገር ነው። በእናንተ አገር የሚሞከረው ግን በእናንተ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት የመሬታችሁን ጠባይ ለሻጩ መንገር ይገባችኋል።

ሞተር የተሠራበትን አገር ያውቃል

በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ኃይል የሚያገኘው ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በማቃጠል ነው። መሬት ከባሕር ወለል ከፍ እያለ በሄደ መጠን አየሩ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል። የትናንሽ ሞተሮች መመሪያ እንደሚያስረዳው በየ300 ሜትሩ ከፍታ ኃይሉ ወደ 3.5 በመቶ ያህል ይጎድላል። ይህም ካርቡሬተሩ ለከፍታው ተስተካክሎ ነው፤ ካልተስተካከለ የሚጎድለው ከዚህ ይበልጣል፤ ሞተሩም ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ቤንዚንም ይበላል።

በቁጥር እንየው። በወረቀቱ ላይ 5.5 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ፓምፕ አለ እንበል። በጣና ሐይቅ ዳር፣ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከኃይሉ አንድ አምስተኛው ይጎድልና 4.3 ያህል ይቀረዋል። በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ወደ 2,800 ሜትር ላይ፣ አንድ ሦስተኛው ይጎድልና 3.7 ያህል ብቻ ይሆናል። ገበሬው ዋጋ የከፈለው ለ5.5 ነው።

የመምጠጥ ነገርም እንደዚሁ ነው። ፓምፕ ውኃን ከወንዝ የሚስበው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ፓምፑ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያወጣ በውጭ ያለው የአየር ክብደት ውኃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። በባሕር ወለል ላይ ይህ ክብደት ውኃን ከ10 ሜትር ጥቂት በላይ ከፍ ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን በቱቦው ውስጥ በሚጠፋው ጉልበት ምክንያት ደኅና ፓምፕ በሥራ ላይ የሚስበው ከ7 እስከ 8 ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከዚህ ወደ አንድ ሜትር ያህል ይቀነሳል። ስለዚህ በደጋ አገር ውኃው ከፓምፑ በታች 7 ሜትር ጠልቆ ያለ እንደ ሆነ ፓምፑ ይጮኻል እንጂ ውኃ አይሰጥም። ፋብሪካው አልዋሸም፤ ሻጩም ላይዋሽ ይችላል፤ ቁጥሩ ግን የተለካው በሌላ አገር ነው። መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውኃው ማስጠጋት ነው፤ ከታች መሳብ ሲያቅተው ወደ ላይ መግፋት ይችላልና።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በወረቀቱ ላይ ሁለት ትላልቅ ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ አንዱ በደቂቃ የሚሰጠው የውኃ ብዛት፣ ሁለተኛው ውኃውን የሚያደርስበት ከፍታ ነው። እነዚህ ሁለቱ ባንድነት አይገኙም። የውኃው ብዛት ትልቁን ቁጥር የሚያሳየው ውኃው ብዙ ሳይወጣ በሜዳ ሲፈስ ነው። ከፍታውም ትልቁን ቁጥር የሚያሳየው ውኃው መፍሰሱን ሊያቆም ጥቂት ሲቀረው ነው። የእናንተ ማሳ በሁለቱ መካከል ነው፤ ስለዚህ «በእኔ ማሳ ከፍታ በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከቢሮው ሰዎች ማን ምን ይሠራል?

እንግዶቹ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ሥራቸውን ያዙ። በአንድ የሽያጭ ቢሮ ብዙውን ጊዜ አራት ዓይነት ሰዎች ይገኛሉ።

1ኛ፣ ሥራ አስኪያጁ። ከፋብሪካው ጋር የሚጻጻፈው እርሱ ነው። ዕቃው በብዛት የተበላሸ እንደ ሆነ የእናንተን ደብዳቤ ወደ ባሕር ማዶ የማድረስ ሥልጣን ያለው እርሱ ነውና፣ የሚጻፍለትን አድራሻ በትክክል ያዙ።

2ኛ፣ ሻጩ። አንደበቱ የተባ፣ ሰው የሚወድ፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉ በፊት የምታገኙት ሰው ነው። ሥራው መሸጥ ነውና በዚህ አይነቀፍም። ነገር ግን ከተሸጠላችሁ በኋላ እርሱ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። ስለ ጥገና የሚሰጠውን ተስፋ የጥገናው ሰው ራሱ እንዲናገር አድርጉ።

3ኛ፣ መካኒኩ። ለእናንተ ከሻጩ የበለጠ የሚያስፈልጋችሁ ሰው ይህ ነው። የሚኖረው የት ነው? ከማሳችሁ በስንት ሰዓት መንገድ ይገኛል? ለአገሩ ሁሉ አንድ ብቻ ነው ወይስ በየዞኑ ሰው አለ? በወረዳችሁ ከተማ ያለውን የጋራዥ ባለሙያ ለማሠልጠን ፈቃደኛ ናቸው? መካኒክ ሳይዝ የመጣ ቡድን ገና ራሱን ሙሉ በሙሉ አላስተዋወቀም።

4ኛ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ቤት ኃላፊው። ይህ ሰው ወደ ስብሰባ አይመጣም፤ ስሙም በወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ነገር ግን ሽንኩርታችሁን የሚያድነው ወይም የሚያደርቀው እርሱ ነው። ፓምፕ በአብዛኛው በትልቅ ነገር አይቆምም። ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያ፣ የማስነሻው ገመድ፣ ጓርኒሲዮን፣ ውኃ እንዳያፈስ የሚከለክለው ቀለበት፤ በእነዚህ ትናንሽ ነገሮች ነው የሚቆመው። ዋጋቸው ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። በመጋዘን የሌሉ እንደ ሆነ ግን ፓምፑ የብረት ክምር ነው።

ስለዚህ ከማኅበራችሁ አንድ ሰው ወደ ከተማ በሄደ ጊዜ ወደ ቢሮው ይግባና የእነዚህን ዕቃዎች ስም እየጠራ «አሳዩኝ፤ የእያንዳንዱን ዋጋ ንገሩኝ» ይበል። «ይመጣል፤ ታዟል» የሚል መልስ ብቻ ያገኘ እንደ ሆነ፣ መግዛቱን እስኪመጣ ድረስ ማቆየት ብልኅነት ነው።

መሬታችሁን አስተዋውቁ

እንግዶቹ ስለ ራሳቸው ተናግረው ሲፈጽሙ ተራው የእናንተ ነው። ስለ መሬታችሁ ከዚህ በታች ያሉትን ነገሮች ንገሯቸው፤ ከስብሰባው በፊትም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።

1ኛ፣ ቀበሌያችሁ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል። ይህን የልማት ሠራተኛው ሊነግራችሁ ይችላል።

2ኛ፣ በበጋ፣ ውኃው እጅግ በወረደበት ወር፣ ከዳሩ እስከ ውኃው ስንት ሜትር እንደሚሆን። በክረምት የተለካ ልክ አይረባም።

3ኛ፣ ከውኃው እስከ ማሳው ያለው ርቀትና ከፍታ።

4ኛ፣ ውኃው ጥሩ ወይም ደፍራሽ መሆኑ። አሸዋና ደለል ያለበት ውኃ በፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረውን ብረትና የውኃ መከላከያውን ቀለበት ቶሎ ይበላል። ይህን አስቀድሞ የሰማ መካኒክ ምን ዓይነት ወንፊት እንደሚያስፈልግና የትኛው ዕቃ በመለዋወጫነት መያዝ እንዳለበት ይነግራችኋል።

5ኛ፣ የምታለሙት መሬት ስፋትና የአዝመራው ዓይነት። ሽንኩርት ሥሩ ወደ ጥልቅ የማይሄድ ስለ ሆነ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይሻል፤ ፓምፑ ለጥቂት ቀናት እንኳ ቢቆም ጉዳቱ በራሱ በሽንኩርቱ ላይ ይታያል።

6ኛ፣ ፓምፑን በቀን ስንት ሰዓት እንደምታሠሩትና ስንት ሰዎች እንደምትጋሩት። ለአንድ ሰው ጓሮ የተሠራ ትንሽ ሞተር ለአሥር ቤተ ሰብ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሠራ፣ እንደዚያ በረጅም መንገድ እንደ ተነዳ ሞተር ብስክሌት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ከነገራችኋቸው በኋላ «እንግዲህ ለዚህ መሬት የሚስማማው የትኛው ነው? ካርቡሬተሩስ ለእኛ ከፍታ ተስተካክሏል?» በሏቸው። ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የናስ ብልት መለወጥ የመካኒክ ሥራ ነው። ጥያቄውን የሰማ መካኒክ ወዲያው የሚመልስላችሁ ከሆነ ሥራውን ያውቃል። ሻጩ የሚደነግጥና ወደ ሌላ ወሬ የሚዞር ከሆነም ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ በማሳችሁ ላይ እንዲያሳዩ ለምኗቸው። በከተማ አዳራሽ ወይም በበርሜል ውስጥ የሚታይ ሙከራ አይበቃም። ፓምፑ ከወንዛችሁ ይሳብ፤ ውኃው ወደ ማሳችሁ ይውጣ። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በማሳው አፍ ላይ አቁሙና በሰዓት ልኩት። በ20 ሴኮንድ ከሞላ በደቂቃ 600 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በ40 ሴኮንድ ከሞላ 300 ሊትር ነው። ይህን ቁጥር ከወረቀቱ ቁጥር አጠገብ ጻፉ። ዋጋ የምትከፍሉት በርሜሉ ለነገራችሁ ቁጥር ይሁን።

ቃል በጽሑፍ ይሁን

ከዛሬ 170 ዓመት ያህል በፊት በአሜሪካ አገር ሳይረስ ማኮርሚክ የሚባል ሰው በፈረስ የሚጎተት የእህል ማጨጃ መኪና ይሸጥ ነበር። መኪናውን በ1831 አሳየ፤ በ1834 የፈጠራ መብት አገኘበት፤ በ1847 በሺካጎ ከተማ ፋብሪካ ሠራ። በዚያ ዘመን ገበሬው ስለ መኪና ብዙ ተስፋ ሰምቶ ብዙ ጊዜ ተታሎ ስለ ነበር አይገዛም ነበር። ማኮርሚክ ግን ለሁሉም ሰው አንድ የሆነ ዋጋ፣ 120 ዶላር፣ ወሰነ። ገበሬው አስቀድሞ 30 ዶላር ይከፍላል፤ የቀረውን መኪናው በሰዓት አንድ ኤከር ተኩል፣ ይኸውም ወደ 0.6 ሄክታር፣ ማጨዱን ካየ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ይከፍላል። ይህም በወረቀት ተጽፎ የሚፈረም ዋስትና ነበር።

ያ ዋስትና የጠቀመው ገበሬውን ብቻ አልነበረም። ሻጩም ታመነበትና ሀብታም ሆነ። እንግዲህ ዋስትና በጽሑፍ ስትጠይቁ እንግዳውን ማዋረድ አይምሰላችሁ፤ ቁም ነገረኛ ሻጭ በዚህ ደስ ይለዋል። ወረቀቱ ላይ የዋስትናው ዘመን፣ ዋስትናው የሚሸፍነውና የማይሸፍነው ብልት፣ ጥገናው የሚደረግበት ቦታ፣ መካኒኩ ለመምጣት የሚፈጅበት ቀን፣ የመጓጓዣውን ዋጋ የሚከፍለው ሰው፤ ይህ ሁሉ በአማርኛ ወይም በአካባቢያችሁ ቋንቋ ይጻፍ። ደረሰኙንና የፓምፑን የሞተር ቁጥር በአንድነት አስቀምጡ። ደረሰኝ የሌለው ሰው በቢሮው ፊት እንደማይታወቅ መንገደኛ ነው።

ደግሞም አንድ ነገር አትርሱ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይባላል። ማሳችሁ በቦይ በሚመጣ ውኃ የሚጠጣ ከሆነ፣ ወይም ያላችሁ ፓምፕ በጥገና የሚድን ከሆነ፣ የእንግዶቹ ንግግር ስላማረ ብቻ ዕዳ አትግቡ። ስማቸውንና አድራሻቸውን ይዛችሁ በሰላም ብትሸኟቸው በማንም ዘንድ ነውር የለበትም።

ለልማት ሠራተኞች

አሁን ቃሌ ወደ እናንተ ነው። ገበሬው እንግዳውን የሚያምነው ብዙ ጊዜ እናንተን አይቶ ነው። ከሻጩ ጎን ቆማችሁ ስትታዩ «መንግሥት ያጸደቀው ዕቃ ነው» ብሎ ያስባል። ስለዚህ ቦታችሁን ከገበሬው ጎን አድርጉ። በስብሰባው ላይ ሻጩ ያላለውን አትጨምሩለት፤ ገበሬው ያልጠየቀውን ጥያቄ ግን እናንተ ጠይቁለት። ከሽያጭ ድርሻ ወይም ስጦታ የተቀበለ የልማት ሠራተኛ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ዘርና ስለ ተባይ ሲናገር የሚሰማው አያገኝም።

ሁለተኛም፣ የቀበሌያችሁን ከፍታና የበጋውን የውኃ ልክ አስቀድማችሁ ለክታችሁ ያዙ። ገበሬው ሊለካው የማይችለውን መለካት የእናንተ ሥራ ነው።

ሦስተኛም፣ አንድ ደብተር ክፈቱ። በቀበሌያችሁ ያለው ፓምፕ ሁሉ ይመዝገብበት፤ መቼ ተገዛ፣ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል፣ መቼ ተበላሸ፣ የተበላሸው ብልት የትኛው ነው፣ መለዋወጫው በስንት ቀን ተገኘ፣ ስንት ተከፈለበት። የአንድ ገበሬ አቤቱታ በቢሮው ዘንድ «አያያዝ አያውቅም» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። በአንድ ቀበሌ አሥራ ሁለት ፓምፖች በአንድ ዓይነት ብልት መቆማቸውን የሚያሳይ ደብተር ግን ሊታለፍ አይችልም። በሎስ አንጀለስ የነበሩት ሰዎች ችግሩን ወደ ፋብሪካው ሊልኩ የቻሉት ወሬው ከአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብዙ ገዢዎች ስለ ደረሳቸው ነው። የዚህ ደብተር ግልባጭ በየስድስት ወሩ ለቢሮው ሥራ አስኪያጅ ይድረሰው፤ ሌላው ግልባጭ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሰጥ።

ማጠቃለያ

እነዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሠራተኞች ጠላቶቻችን አይደሉም። ብዙዎቹ ቤተ ሰባቸውን ትተው፣ ቋንቋውን ሳያውቁ፣ አገሩን ሳይለምዱ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ ጋር የሚሠሩትም የአገራችን ልጆች ናቸው። ለሁሉም ክብር ይገባቸዋል። ትልቁ ክብር ደግሞ እውነቱን መንገር ነው፤ መሬታችን ከፍ ያለ መሆኑን፣ ውኃችን ደለል የሚበዛበት መሆኑን፣ ገንዘባችን ትንሽ መሆኑን፣ ሞተሩንም ብዙ ሰዓት የምናሠራው መሆኑን ከገዛን በኋላ በጠብ ከምንነግራቸው ይልቅ ሳንገዛ በፍቅር እንንገራቸው። እውነተኛ ቢሮ ይህን ጽፎ ይይዘዋል፤ የሚስማማውንም ዕቃ ያመጣል፤ ሌላው ደግሞ ወረቀቱን ጠቅልሎ ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ ገበሬው ይጠቀማል።

ስለዚህ የማኅበራችሁ ጸሐፊ ዛሬውኑ አንድ ነጭ ወረቀት ያውጣ። በራሱ ላይ የቀበሌያችሁን ስም ይጻፍ፤ ከዚያ በታች ከፍታውን፣ የበጋውን የውኃ ጥልቀት፣ የማሳውን ርቀት፣ የውኃውን ጠባይ፣ የአዝመራውን ዓይነት፣ የተጋሪውን ቁጥር ያስፍር። ያልተለካውን በሚመጣው ሳምንት ከልማት ሠራተኛው ጋር ሄዳችሁ ለኩት። እንግዶቹ መጥተው ወረቀታቸውን ሲሰጧችሁ፣ እናንተም የራሳችሁን ወረቀት ስጧቸው።

ማሳችሁ ውኃ የሚጠግብበት የበጋ ወራት ይሁንላችሁ።